ማንም ያልጠየቃቸው ይቅርታ

መምህር በሪሁን አለሙ ባለፈው ሳምንት ሰቆጣ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ ላስተማሯችሁ፣ አብረዋችሁ ለሠሩ፣ በቁጣቸው ለተለበለባችሁ።

መርዶውን በስልክ ያደረሰኝ የክፍል ጓደኛዬ «ትልቅ መሪ አጣን» አለኝ። ይህ አባባል ሲነገር ፊቴን አዞራለሁ። በዕድሜዬ ብዙ ሹማምንት ሲያልፉ አይቻለሁ፤ ሁሉም ትልቅ የሆኑት በተቀበሩ ማግስት ነው። በመምህር በሪሁን ላይ ግን የምከራከርበት ቃል አጣሁ። መከራከር ለሚወድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለቅሶው ላይ ማንም ያልተናገረውን አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። መምህር በሪሁን ደስ የሚሉ ሰው አልነበሩም። ፈገግታ ይቆጥባሉ። ሰላም ስትሏቸው ጉዳያችሁን እስክትናገሩ ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ጉዳይ ከሌላችሁ ለምን እንደቆማችሁ አይገባቸውም። ቁጣቸው ፈጣን ነበር፣ ምላሳቸውም ይቆርጣል። እኔ አንድ ሁለት ጊዜ በጋዜጣ የጻፍኩትን አንብበው «ብልጥ ነገር ነው። ማንን ይጠቅማል?» ብለውኛል። ስለ አመራር የተጻፉ መጻሕፍትን ሳገላብጥ መሪ ሰው የሚማርክ፣ የሚያነቃቃ፣ የሚያሳምን እንደሆነ አነባለሁ። መምህር በሪሁን በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ ከበር ይመለሱ ነበር። መጻሕፍቱን ሳይሆን እሳቸውን የማምንበትን ምክንያት ነው አሁን የምነግራችሁ።

የማውቃቸው ከትምህርት ቤት ነው። ጂኦግራፊ አስተምረውናል፣ በኋላም ርእሰ መምህር ሆኑ። አባቴ ሰቆጣ ገበያ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ እኔ ቁርሴን በልቼ፣ ሱቁን ዞሬ፣ ደወል ሳይደወል ክፍል የምገባ የከተማ ልጅ ነበርኩ። የክፍሉ ግማሽ ግን ከፃግብጂና ከሌሎች የገጠር ወረዳዎች የመጣ ነበር። እነዚህ ልጆች ሰቆጣ ቤት ተከራይተው ይማራሉ፣ ዓርብ ወደ ቤተሰቦቻቸው ይሄዳሉ፣ ሰኞ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክመው በእግራቸው ይመለሳሉ። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ግማሽ ባዶ ሆኖ ይጀመር ነበር።

መምህር በሪሁን ርእሰ መምህር እንደሆኑ ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አዲስ ትምህርት እንዳይሰጥ፣ ክለሳ ብቻ እንዲሆን አዘዙ። የከተማው ወላጆች ተጠራርተው ቢሯቸው ሄዱ። አባቴ ይመራቸው ነበር፤ እኔም ተከትዬው ሄጄ ነበር።

«ልጆቻችን ወደ ኋላ ቀሩ» አላቸው አባቴ።

«የት ቀሩ? ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አያቸዋለሁ።»

«እነዚያ ቀድመው ይነሱ እንጂ። እሑድ አይገቡም?»

«እሑድ እናቶቻቸው ስንቅ ያሰናዳሉ። ሐጂ፣ የእርስዎ ልጅ የሚዞረው ሱቅ ነው፤ እነሱ የሚዞሩት ተራራ ነው። ሰኞ ጠዋት ለእርስዎ ልጅ መከለሻ ነው፣ ለእነሱ መድረሻ ነው።»

አባቴ ተናዶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም፤ «ያ ግትር» ነበር የሚላቸው። አባቴ በሞተ ጊዜ ከጎረቤት ሁሉ ቀድመው ደርሰው የድንኳኑን ካስማ ሲመቱ ያገኘናቸው እኚህኑ «ግትር» ነው። ስለ አባቴ አንድ ቃል አልተናገሩም። ድንኳኑ እስኪወጠር ቆዩ፣ ውሃ ጠጡና ሄዱ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በገጠር የእጅ ፓምፕ ሥራን የሚከታተል የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ተደርገው ተሾሙ። ሪፖርት አያምኑም ነበር። ወረዳ ሲወርዱ ጽሕፈት ቤት ሳይገቡ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ይሄዱና ጄሪካን ይዘው ከተሰለፉት ሴቶች ጋር ይቆማሉ። «በየትኛው ወር ይደርቃል? እዚህ ወረፋ ላይ የሚጣላው ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጥ ስለ ውሃው ይነግረኛል ይሉ ነበር።

በዚያ ዘመን «አገልጋይ መሪነት» የሚል ስልጠና ሰቆጣ መጣ። ከምኖርበት አዲስ አበባ ለዕረፍት ወደ አገሬ ሄጄ ነበርና አንድ የማውቀው ሰው ጋብዞኝ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ በሰልፍ የሚበሩ ዝይዎች ታዩ፤ የፊተኛው ሲደክም የኋላው ይተካዋል ተባለ። በእኛ አገር በዋግ ዝይ ያየ ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ግን ማስታወሻ ያዘ። አሰልጣኙ «የአገልጋይ መሪ የመጀመሪያው ባሕርይ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ራእይ ተባለ። ተግባቦት ተባለ። ማዳመጥ ተባለ። ከዚያ አሰልጣኙ ዝም ብለው የተቀመጡትን መምህር በሪሁንን ጠቆማቸው።

«ሲሳሳት የሚያፍር ሰው» አሉ።

አሰልጣኙ ደስ ብሎት ሰሌዳው ላይ «ተጠያቂነት» ብሎ ጻፈ።

«እሱን አላልኩም» አሉ መምህር በሪሁን። «ያ ሌላ ሰው ሲጠይቅህ ነው። እኔ የምለው ማንም ሳይጠይቅህ ነው።»

አሰልጣኙ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ማን ምን እንደዘረፈ እዚህ አልጽፍም፤ የሚነቀል ነገር ሁሉ የሚነቀልበት ጊዜ ነበር። በሰሃላ ወረዳ በአንዲት መንደር የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ ክንፉ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። የፓምፑን ራስና እጀታ እንዳይዘረፍ ፈትተው ለቤተ ክርስቲያኑ ቄሰ ገበዝ ወሰዱ። ቄሰ ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑን መስቀሎችና ጸናጽሎች ሊደብቁ እየተዘጋጁ ነበርና የፓምፑንም ብረት አብረው በአንድ ዋሻ ቀበሩት። ከዚያም እሳቸው ራሳቸው ተመልሰው እስኪፈቱላቸው ድረስ አያ ክንፉ ለማንም እንዳይናገሩ በግዝት አሰሯቸው፤ የፓምፑ መደበቂያ ከታወቀ የመስቀሉም ይታወቃልና። ይህን አድርገው ቄሰ ገበዙ ሸሹ፣ ርቀው ሄደውም ታመሙ።

ነገሩ ሲረግብ መምህር በሪሁን ፓምፖችን ለማስጠገን በየወረዳው መዞር ጀመሩ። ክረምቱ ሊገባ ሲል እዚያች መንደር ደረሱ። ሴቶቹ ከወንዝ እየቀዱ፣ ልጆቹ በተቅማጥ እየታመሙ ነበር። በገበያ ቀን፣ ጤና ኬላው ፊት ለፊት ስብሰባ ተጠራ። አያ ክንፉ የፓምፑ ራስ የት እንዳለ ተጠየቁ።

«አላውቅም አልልም። አልናገርም» አሉ።

ምክንያታቸውን አልተናገሩም፤ ግዝት አለብኝ ማለትም መንገዱን ማሳየት ነውና። መምህር በሪሁን ተቆጡ። ሽማግሌውን «አንተ» ብለው ጠሯቸው፣ የሕዝብ ውሃ ሸጦ የበላ ሌባ አሏቸው፣ ከሰብሳቢነትም እዚያው አነሷቸው። አያ ክንፉ በአካባቢው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ድንበር የሚለዩ ሽማግሌ ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ የጠራቸው የለም። በአደባባይ ሌባ የተባለ ሰው ማንን ያስታርቃል? ገበያ መውጣትም ተዉ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቄሰ ገበዙ ድነው ተመለሱ፣ ግዝቱን ፈቱ፣ ዋሻው ተከፈተ። የፓምፑ ራስ ከመስቀሎቹ መካከል ወጣና ጉድጓዱ ላይ ተገጠመ። ውሃው መጣ፣ መንደሩ ደስ አለው፣ ወሬው ሰቆጣ ደረሰ። አያ ክንፉ አቤቱታ አላቀረቡም። ማንም ምንም አልጠየቀም።

እናቴን ልጠይቅ ሰቆጣ ሄጄ ስለነበር ወሬው በደረሰ ማግስት መምህር በሪሁንን ሰላም ልል ወደ ቢሯቸው ጎራ አልኩ። የበላያቸው የሆነው ወጣት ሹም እዚያ ነበር። በሩ ክፍት ስለሆነ ደጅ ቆሜ ሰማኋቸው።

«ተገኘ አይደለም እንዴ መምህር? ተዘጋ በቃ።»

«ፓምፑ ተገኘ። ሰውየውስ?»

«ከፈለጉ ደብዳቤ ይጻፍላቸው።»

«በአፌ የሰደብኩትን ሰው በማኅተም አልክሰውም።»

«እና ድንጋይ ሊሸከሙ ነው?» ሹሙ ሳቀ። መምህር በሪሁን አልሳቁም። ሹሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መምህር፣ እርስዎ አሁን ግለሰብ አይደሉም። እርስዎ ሲጎነበሱ መንግሥት ነው የሚጎነበሰው። ይህን ካደረጉ እዚህ ወንበር ላይ አላቆይዎትም፤ ቀድሜ ነግሬዎታለሁ።»

«ስሰድበው ማን ነበር የሰደበው?» አሉ መምህር በሪሁን፣ ኮታቸውን አንስተው ወጡ። ደጁ ላይ ሲያዩኝ «አንተ ሽሙጠኛ፣ እግር አለህ? ና» አሉኝ።

ወደ ሰሃላ መኪና የሚሄደው እስከ አንድ ቦታ ነው፤ ከዚያ በኋላ የፍየል መንገድ ነው። ታሪኩን ከላይ እንዳስቀመጥኩት የነገሩኝ በእግር ስንጓዝ ነው። ጡረታቸው ተቃርቦ ነበር፣ ወገባቸውንም ያማቸው ነበር።

«ስልክ ደውለው ይቅርታ ቢጠይቋቸውስ?» አልኳቸው።

«ኔትወርክ የለም» አሉ። ኔትወርክ ቢኖርም እንደማይደውሉ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

መንደሩ አፋፍ ስንደርስ ድንጋይ መረጡ። ወጉን ታውቃላችሁ፤ የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ የተበደለው ሰው ደጅ ይቆማል፣ የተበደለው «አውርድ» ይለዋል። ብዙውን ጊዜ ድንጋዩ ለወግ ያህል ትንሽ ነው፣ «አውርድ»ም ቶሎ ይመጣል። እሳቸው ያነሱት ግን ትንሽ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ቴአትር እንዳይሆን ሠጋሁ፤ ባለ ካሜራ አለ ወይ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ማንም የለም። ስልኬን ላወጣ ስል «አስገባው» አሉኝ።

አያ ክንፉ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። ቀና ብለው አዩን።

«አያ ክንፉ፣ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አሉ መምህር በሪሁን፣ መሬት መሬት እያዩ።

አያ ክንፉ መግመዳቸውን ቀጠሉ። ባለቤታቸው ከቤት ወጥተው በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር ተናገሯቸው፤ ከዚያ እኔም እንድሰማ ይሆናል በአማርኛ ደገሙት።

«ኧረ በማርያም፣ አውርድ በለው። ላቡ ይንጠባጠባል።»

«ይንጠባጠብ። ላብ ነው። እኔስ ክረምቱን ሙሉ ተሸክሜ የለም?» አሉ አያ ክንፉ። ቆይተው ደግሞ «መምህር፣ ሌባ ያሉኝ የት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ገበያው ዳር፣ ጤና ኬላው ፊት።»

«እዚህስ ማን አለ?»

«እርስዎና ባለቤትዎ። ይህ ልጅም አለ።»

አያ ክንፉ ጎልማሳነቴን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እሱ አይቆጠርም፣ የአዲስ አበባ ነው። ሰው ፊት የወሰዱብኝን ጓሮዬ ነው የሚመልሱልኝ?»

መምህር በሪሁን ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አመቻቹ። ከዚያ «ልክ ነዎት» አሉ።

«ያውርዱት እንግዲህ። ነገ ገበያ ነው።»

ከዚያ ለማደር ወደ ቄሰ ገበዙ ቤት ስንሄድ ተከራከርኳቸው። እኔ እንኳን ይህን ያህል አልጠበቅሁም ነበር። ሄደዋል፣ ተሸክመዋል፣ ለምነዋል፤ የቀረው የሽማግሌው ግትርነት ነው አልኳቸው። ገበያ ላይ ካደረጉት ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሰቆጣ እንደሚገባ፣ ሹሙም ቃሉን እንደሚፈጽም ነገርኳቸው።

«ይፈጽማል» አሉ። «ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነው በሰውየው ላይ የዋሸሁት። ወንበሩን ላለማጣት ብዬ ውሸቱን እዚያ ልተወው?»

በማግስቱ ገበያው ሲሞላ ድንጋዩን ተሸክመው ገቡ። ፍየል ሻጮቹ ዞር አሉ። «ምን ቢሸጥ ነው ድንጋይ የገዛበት?» አለ አንዱ። «የዞን ሰው እኮ ነው» አለው ሌላው። «ውሸት። የዞን ሰው መኪና ይሸከመዋል እንጂ ድንጋይ አይሸከምም።» ማር የምትሸጥ አንዲት ሴት «ዝም በሉ፤ ወገቡን አታዩም?» አለቻቸው። አያ ክንፉ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከገበያው ማዶ፣ ጤና ኬላው ፊት ቆመዋል። ገበያው ራሱን ከፍሎ መንገድ ሰጠ።

መምህር በሪሁን ደርሰው ጎንበስ እንዳሉ ተናገሩ። «ክረምት ሊገባ ሲል እዚህ ቆሜ አያ ክንፉን ሌባ አልኩ። ሌባ አይደሉም። የሰጡትን ቃል የጠበቁ ሰው ናቸው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ዝም አሉ። እኔ የሚቀጥለውን እየጠበቅሁ ነበር። የሰማሁት የሹም ይቅርታ ሁሉ «ነገር ግን» የሚል ጭራ አለው። ነገር ግን ጊዜው ጦርነት ነበር፤ ነገር ግን ልጆች ይታመሙ ነበር፤ ነገር ግን ግዝት መኖሩን ማን ነገረኝ። ሁሉም እውነት ነበር፣ ሁሉም ምሕረት ያሰጣቸው ነበር። አንዱንም አልተናገሩም። ያ ዝምታ ካነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ከብዶብኛል። ብልሃት ይሰለጠናል፣ አነጋገር ይሰለጠናል፤ እዚያ ገበያ ላይ ያየሁትን ግን የሚያሰለጥን አላውቅም። በሰው ውስጥ ቀድሞ ከሌለ በሥልጣን አይመጣም፤ ካለ ደግሞ ሥልጣን አያጠፋውም።

አያ ክንፉ ቀረብ ብለው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከማጅራታቸው አነሱላቸውና መሬት ላይ ጣሉት። «አንተም ግትር ነህ» አሏቸው፣ ተቃቀፉም። መምህር በሪሁን ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደባቸው።

ከዚያ ሰው መልሶ ወደ ግብይቱ ገባ። እኛም ውሃ ጠጥተን ልንነሳ ስንል ሁለት ሰዎች በግጦሽ ድንበር እየተጨቃጨቁ መጡ። አንደኛው ቆም አለና «አያ ክንፉ፣ እስቲ ይዩን» አለ። አያ ክንፉ ገመዳቸውን ጠቅልለው ጎናቸው አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቁጭ አሉ። ሁለቱም ሰዎች ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። መምህር በሪሁን ይህን ከርቀት ቆመው አዩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን በሌላ ቀን አይቼው አላውቅም፤ ፈገግታ ነበር ብል ይቆጡኛል።

«እንሂድ» አሉኝ።

ሹሙ ቃሉን ፈጸመ። መምህር በሪሁን ከኃላፊነት ተነሱ፣ ወደ ክፍል ተመልሰው እስከ ጡረታቸው ጂኦግራፊ አስተማሩ። ስለዚያ ቀን ሲናገሩ የሰማ የለም። አንድ ጊዜ ይቆጭዎታል ወይ ብዬ ብጠይቃቸው «ይቆጨኛል» አሉ። ደንግጬ ምኑ አልኳቸው። «ክረምቱን ሙሉ መዘግየቴ። ያ ሰው የሕዝብ ነገር የሚሸጥ ሰው እንዳልነበረ ፊቱ ላይ ነበር። ስላልፈለግሁ ነው ያላየሁት።»

መምህር፣ እንግዲህ እርስዎን በቀጥታ ላናግርዎ። ባለፈው ወር ሰሃላ ሄጄ ነበር፤ ልነግርዎ ሳስብ ቀደሙኝ። ፓምፑ ይሠራል። ያስቆፈረው ድርጅት ስም በትልቁ ተጽፎበታል፣ የመረቁት ሹምም ስም ከሥሩ አለ። የእርስዎን ስም ፈልጌ አጣሁ። እዚያ ከሚቀዱት ሴቶች አንዷን ስለ እርስዎ ብጠይቃት አላወቀችዎትም። አያ ክንፉን ግን የት አገኛቸዋለሁ ስላት «ሰው እያስታረቁ ነው፣ ጠብቅ» አለችኝ፤ እኔም ጠበቅሁ። ብዙ ሹማምንት በስማቸው የቆመ ነገር ትተው ይሄዳሉ። እርስዎ ትተው የሄዱት የሌላ ሰው ስም ነው፣ ሙሉውን፣ እንደነበረ። ደህና ይሁኑ፣ መምህር።